መጀመሪያ መሐል ሜዳ ሂዱ

«የምንኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ባለቤቴ መምህር ነው፤ እኔ ነርስ ነኝ። ሦስት ልጆች አሉን፤ 14፣ 9 እና 4 ዓመታቸው ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ለወንጌል አገልግሎት ዩጋንዳ፣ ጂንጃ ልትልከን ወስናለች። ጉዞው ለሚያዝያ ታቅዷል። ትልቋ ልጃችን ስምንተኛ ክፍል ናት። ከነገርናት ቀን ጀምሮ አኩርፋናለች። እናቴ መንዝ፣ መሐል ሜዳ ነው ያለችው፤ ኦርቶዶክስ ናት። ‹ቀብሬ ላይ ማን ሊቆም ነው?› ብላ አለቀሰች። ዘመዱ ደግሞ ‹ጦርነቱን ሸሽተው ነው› ይላል። ከየት እንጀምር? ምን እንሽጥ፣ ምን እንያዝ?»

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ቀን ሙሉ ሳስበው ከረምኩ። እኔና ባለቤቴ ታንዛኒያ ውስጥ 9 ዓመት አገልግለናል። ከተመለስን ወዲህ ሥራዬ እንደ እናንተ ሊወጡ የተነሱ ቤተሰቦችን ማዘጋጀት ነው። የተጉለት ልጅ ስለሆንኩ መንዝ ለእኔ ሩቅ አገር አይደለም። የእናትሽ ዓይነት ለቅሶ ቤቴ ውስጥም ተሰምቷል።

ብዙ ሰው የሚሲዮን ቤተሰብን የሚሰብረው እዚያ የሚገጥመው ነገር ይመስለዋል። ሙቀቱ፣ ቋንቋው፣ ብቸኝነቱ። እኔ ያየኋቸው ግን አብዛኞቹ የተሰበሩት እዚህ ሳይጨርሱት በሄዱት ነገር ነው። ያልታረቁት ወንድም፣ እውነቱ ያልተነገረው ልጅ፣ ያልመረቀች እናት። እሱ ሻንጣ ውስጥ ሳይታይ ይገባና በሁለተኛው ዓመት ይወጣል። ስለዚህ የመጀመሪያ ምክሬ አንድ ነው። ጉዞውን ከሚያዝያ ወደ ቀጣዩ ጥር አስተላልፉት።

በልጅቷ ልጀምር። ሚኒስትሪ የምትፈተነው ሰኔ ላይ ነው። በሚያዝያ ከወሰዳችኋት ስምንት ዓመት የተማረችበትን ሳትዘጋ ነው የምትሄደው። የዩጋንዳ የትምህርት ዘመን ደግሞ እንደኛ መስከረም ላይ አይጀምርም። የካቲት አካባቢ ይጀምርና በሦስት ተርም ተከፍሎ ኅዳር መጨረሻ ወይም ታኅሣሥ ላይ ያልቃል። አንደኛ ደረጃቸው 7 ዓመት ነው፤ ከዚያ ሁለተኛ ደረጃ ይቀጥላል። በጥር ብትደርሱ ልጅሽ ሁለተኛ ደረጃን አዲስ ከሚጀምሩት ጋር አብራ ልትገባ ትችላለች። ማንም ማንንም በማያውቅበት በመጀመሪያው ሳምንት መገኘት ለ14 ዓመት ልጅ ትልቅ ነገር ነው። ጓደኛ የሚያዘው ያኔ ነው። በሚያዝያ ብትሄድ ግን ሁሉም ጓደኛውን ይዞ በተቀመጠበት ክፍል በር ላይ ብቻዋን ትቆማለች።

ቤተ ክርስቲያኗ ‹ዘገየ› ብትል ይህንኑ ንገሯቸው። የአንጾኪያ ጉባኤ በርናባስንና ሳውልን የላከው ከጾመና ከጸለየ በኋላ ነው። የአውሮፕላን ትኬት ስላለቀ የተቻኮለ ሰው እዚያ ምዕራፍ ላይ የለም።

አሁን ስለ ኩርፊያው። እኛ የበደልነውን ልንገርሽ። ልጃችን ያኔ 11 ዓመቱ ነበር። እንዳያዝን ብለን «ለጥቂት ጊዜ ነው» አልነው። እሱም አመነን። የሰበሰባቸውን ብዮች በወተት ጣሳ አድርጎ ከጓሯችን ባሕር ዛፍ ሥር ቀበራቸው። ሲመለስ ሊጫወትባቸው ነው። እኛ ግን ቤቱን ሸጠነው ነበር። ከ3 ዓመት በኋላ ለዕረፍት ስንመጣ ልጁ ጠፋብን። ስንፈልገው የድሮ አጥራችን ላይ ተንጠልጥሎ የሰው ጓሮ ሲያይ አገኘሁት። አዲሶቹ ባለቤቶች ባሕር ዛፉን ቆርጠው ሲሚንቶ አፍስሰውበታል። «ለጥቂት ጊዜ ነው ብላችሁኝ ነበር» አለኝ። አላለቀሰም። ቢያለቅስ ይሻለኝ ነበር።

ስለዚህ ለልጅሽ ቁጥሩን ንገሯት። ስንት ዓመት እንደምትቆዩ፣ መቼ ለዕረፍት እንደምትመጡ፣ ቤቱ ምን እንደሚሆን። የማታውቁትን «አናውቅም» በሏት። አንድ ነገር ደግሞ አደራ፤ «እግዚአብሔር ጠርቶናል» የሚለውን ቃል የእሷን አፍ ለመዝጊያ አትጠቀሙበት። ያኔ የምታጣሏት ከእናንተ ጋር አይደለም፤ ከእግዚአብሔር ጋር ነው። እናንተን ማኩረፍ ትችላለች፤ ይበርድላታል። ሌላኛው ግን ዓመታት ይወስዳል። ከእንዲህ ዓይነት ልጆች ጋር፣ አሁን ትልልቅ ሰዎች ሆነው፣ ተቀምጬ አውርቻለሁ።

ምን እንደምታጣ ጠይቂያት። ራሷ ትናገር፤ አንቺ አትሙዪላት። ምናልባት የታዳጊዎች መዘምራን ውስጥ ያላት ቦታ ይሆናል። ምናልባት ጠዋት በዚያ ውርጭ እጇን ጃኬቷ ውስጥ ከትታ አብራት ትምህርት ቤት የምትሄድ አንዲት ጓደኛ ናት። ስትነግርሽ «እዚያም ታገኛለሽ» አትበያት። ዝም ብለሽ ስሚያት። ከዚያ የምር የምትወስነው ነገር ስጧት። የላኪው ኮሚቴ ፊት ቀርባ ጥያቄዋን ራሷ ትጠይቅ። ክረምቱን እንግሊዝኛ ታጥና። የክልላችን ልጆች አንደኛ ደረጃን የሚማሩት በአማርኛ ነው፤ እዚያ ግን ሁለተኛ ደረጃ ላይ ሁሉም ትምህርት በእንግሊዝኛ ነው። ጎበዝ የነበረች ልጅ በአንድ ቀን ዝም የምትል ልጅ ስትሆን ያማል። ከመሄዷ በፊት ጓደኞቿን ጠርታ ቤታችሁ አንድ ቀን ይዋሉ። ቆሎና ሻይ ይበቃል።

የ9 ዓመቱ ልጅ ይቀላል። ለእሱ አገሩን በሚዳሰስ ነገር አሳዩት። ደብረ ብርሃን ወዳለው በሬሳ ወንዝ ውሰጂውና ይህን ንገሪው፦ ይህ ውኃ ጀማ ይገባል፤ ጀማ አባይ ይገባል፤ አባይ ካርቱም ድረስ ሄዶ ከነጭ አባይ ጋር ይገናኛል። ነጩ አባይ ከቪክቶሪያ ሐይቅ የሚወጣው ደግሞ ጂንጃ ላይ ነው። አዲሱ ቤታችሁ ደጃፍ ያለው ውኃና የበሬሳ ውኃ ካርቱም ላይ አንድ ይሆናሉ። ለልጅ ይህ ካርታ ነው። ግን ሌላም ነገር አስተምሩት፤ ዩጋንዳ መኪና የሚነዳው በግራ ነው። መንገድ ሲሻገር መጀመሪያ ወደ ቀኝ ይይ። ቦዳ ቦዳ የሚሉት ሞተር ከየት እንደሚመጣ አይታወቅም። ቪክቶሪያ ሐይቅ ውስጥም አይዋኝ፤ ቢልሃርዚያ አለበት።

አሁን ወደ እናትሽ።

ማርቆስ 7 ላይ ጌታ ስለ ‹ቁርባን› የተናገረውን ታስታውሺያለሽ። ሰው ለእናቱና ለአባቱ የሚገባውን «ለእግዚአብሔር ሰጥቻለሁ» ብሎ ሲያመልጥ ጌታ አልወደደለትም። ይህን የምልሽ አትሂዱ ለማለት አይደለም። የእናትሽ ጥያቄ መልስ የሚያስፈልገው ጥያቄ መሆኑን ለማሳየት ነው። «ቀብሬ ላይ ማን ሊቆም ነው?» ሲሉ ብዙ ጊዜ የምንሰማው «አትሂዱ» የሚለውን ነው። እሳቸው ግን የጠየቁት ቃል በቃል ያንኑ ነው። ማን ይቆማል? መልሱን ይዘሽ ሂጂ።

መንገዱ ሰላም የሆነበትን ሰሞን መርጣችሁ፣ በጣርማበር በኩል መሐል ሜዳ ውጡ። ከተቻለ አንድ ሳምንት ሙሉ ክረሙ። ፓስተር ይዛችሁ አትሂዱ። ስለ ሃይማኖት አትከራከሩ። የመንዝ እናት ወንጌል ሊሰብክ ከቤቱ የወጣ ሰው እንግዳ አይሆንባቸውም። የቡልጋው ልጅ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ዳሞት ድረስ ወርደው እንደሰበኩ ከልጅነታቸው የሰሙት ታሪክ ነው። እሳቸው ራሳቸው ካነሱት አድምጪ፤ አንቺ ግን ለመከራከሪያ አታንሺው።

እዚያ ሳለሽ እህት ወንድሞችሽን ሰብስቢ። መድኃኒታቸውን ማን እንደሚገዛ፣ ክረምት ላይ ማን አብሯቸው እንደሚያድር፣ በየወሩ ከእናንተ ምን ያህል እንደሚላክ በስም ተነጋገሩ። የእድሩን መዋጮ እንዳታቋርጡ፤ የእሳቸውንም፣ ደብረ ብርሃን ያለውን የእናንተንም። ከእድር የወጣ ሰው እዚህ አገር የሞተ ያህል ነው። «ሄዱ» እና «ጠፉ» የሚባሉት ልዩነታቸው እድር ላይ ነው የሚታየው።

ከዚያ የማይነሳውን ነገር አንሱ፤ መርዶን። እኛ አገር መርዶ የሚነገረው በወግ ነው። ሰው ተሰብስቦ፣ ማልዶ፣ በር ተንኳኩቶ። እዚያ ግን አንቺ በሥራ ላይ ሳለሽ የሩቅ ዘመድ ‹ነፍስ ይማር› ብሎ ፌስቡክ ላይ ይለጥፈዋል። ይህ የደረሰባት እህት አውቃለሁ፤ ገበያ መሐል ቲማቲም እየመረጠች ነው ያነበበችው። ስለዚህ ከቤተሰቡ አንድ ሰው ምረጡ። እሱ መጀመሪያ የሚደውለው ለባለቤትሽ ነው ወይም ጂንጃ ላለ አንድ ወዳጅ። ያ ሰው ቤት መጥቶ ይነግርሻል። እስከዚያ ድረስ ሌላው ሁሉ ዝም ይላል።

ለቀብሩ መድረስ አትችዪ ይሆናል። ቀብር በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ነው፤ ከጂንጃ መሐል ሜዳ ደግሞ ሩቅ ነው። ለሰልስቱ ግን ይደረስ ይሆናል፤ ለአርባው በእርግጥ ይደረሳል። የአንድ ሰው የደርሶ መልስ ትኬት ገንዘብ ለብቻው ይቀመጥ፤ ለሌላ ነገር አይነካ። ይህን ሁሉ ካዘጋጀሽ በኋላ እናትሽ ፊት ተቀምጠሽ እንዲህ ልትዪ ትችያለሽ፦ «እማዬ፣ ታላቅ ወንድሜ ይቆማል፤ እኔም ለአርባሽ እደርሳለሁ።» ያለቅሳሉ። አብረሻቸው አልቅሺ። ምርቃት ሳትቀበዪ ግን እንዳትነሺ። የኤፌሶን ሽማግሌዎች ጳውሎስን አንገቱን አቅፈው፣ እያለቀሱ፣ እስከ መርከቡ ነው የሸኙት። መሸኘት ወጉ እንዲህ ነው።

«ሸሽተው ነው» ለሚለው ወሬ መልስ አትስጡ። ለራሳችሁ ግን መልሱት፤ ማታ፣ ልጆቹ ከተኙ በኋላ፣ ሁለታችሁ ብቻ። የሰሜን ሸዋ ሰው በእነዚህ ዓመታት ያየውን ሁላችንም አይተናል። መውጣት ቢያምራችሁ አይፈረድም። ግን ሽሽትና ጥሪ ከተቀላቀሉ ጂንጃ ላይ የመጀመሪያው ችግር ሲመጣ «ለምን መጣን?» የሚለው ጥያቄ መልስ ያጣል። አንድ መለኪያ አለኝ። ደብረ ብርሃን መጠለያ ውስጥ ቤቱን ጥሎ የመጣ ሰው ሞልቷል። ከአሁን እስከ ጥር በሳምንት አንድ ቀን ለእነሱ ስጡ። ልጆቹንም ይዛችሁ ሂዱ። ይህን በደስታ ያደረገ ቤተሰብ ሌላ አገር ሄዶም ያገለግላል። «ጊዜ የለንም፤ ለሚሲዮን እየተዘጋጀን ነው» ካላችሁ ግን ጉዞውን እንደገና አስቡበት።

ገንዘብ። እዚህ ላይ ቆም ልበል፤ ብዙ ቤተሰብ ያለቀሰበት ነውና። ወንድሞች ቆመው «በወር ይህን ያህል ብር እንሰጣለን» ይላሉ። ቃሉ ከልብ ነው። ብሩ ግን አይቆምም። ሐምሌ 2016 ላይ የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር አካባቢ ነበር። በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ወጣ። ያኔ ውጭ የነበረ ሚሲዮናዊ ደጋፊዎቹ አንድ ሳንቲም ሳይቀንሱበት ገቢው በግማሽ ወረደ። ስለዚህ የስምምነት ደብዳቤው ላይ የወር ድጋፉ በዶላር ይጻፍ፤ በየ6 ወሩም ይታይ። ገንዘቡ በባንክ ይላክ። «በሰው በኩል ይፈጥናል» የሚለውን የጥቁር ገበያ መንገድ አትግቡበት፤ ወንጌል ይዞ የወጣ ሰው ሕግ እየጣሰ አይኖርም።

እኛ ስንሄድ ምንም የተጻፈ ነገር አልነበረንም። «በጌታ ነን፤ ወረቀት ምን ያደርጋል» ተባባልን። በሰባተኛው ወር ድጋፉ ቆመ። የኮሚቴው ሰዎች ተቀይረው ነበር፤ አዲሶቹ ስለ እኛ የሚያውቁት ነገር የለም። ክፋት አልነበረም። ወረቀት ስላልነበረ ብቻ ነው። ባለቤቴ የጋብቻ ቀለበቷን ሸጣ የልጁን የትምህርት ቤት ክፍያ ከፈልን። ስለዚህ ይጻፍ፦ ለስንት ዓመት፣ መቼ ዕረፍት፣ የሕክምናና የትምህርት ቤት ወጪ በማን፣ አንዳችሁ ብትታመሙ ማን ይመልሳችኋል። የአምስታችሁ የመመለሻ ትኬት ገንዘብ ከመነሳታችሁ በፊት ባንክ ይግባ። ይህ ካልተሟላ አትነሱ። እምነት ማነስ አይደለም።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። በደብዳቤው ላይ ያንቺ ሥራ ምን ተብሎ ተጽፏል? «ባለቤቱ» ብቻ ከሆነ መልሺላቸው። ነርስ ነሽ። እዚያ ለመሥራት ግን በዩጋንዳ የነርሶችና አዋላጆች ምክር ቤት መመዝገብ ይጠይቃል፤ የኢትዮጵያ ፈቃድሽ ብቻውን አይበቃም። ማስረጃዎችሽን ከአሁኑ አረጋግጪ። ብዙ እህቶች ሙያቸውን ትተው ሄደው፣ ቋንቋ በማያውቁበት ሰፈር ቤት ውስጥ ተዘግተው ቀርተዋል። ባል ይሰብካል፣ ልጆች ትምህርት ቤት ናቸው፣ እሷ ከግድግዳ ጋር ታወራለች። የመጀመሪያዎቹን 6 ወራት ለሁለታችሁም የቋንቋ ትምህርት አድርጓቸው። ከተማ ውስጥ በእንግሊዝኛ ትግባባላችሁ፤ የሰፈሩ ሰው ልቡ ያለው ግን በአካባቢው ቋንቋ፣ በሉሶጋ ነው።

ጤና ላይ ነርስ ስለሆንሽ አልረዝምም። አንድ ነገር ግን ደጋግሜ እላለሁ፦ ወባ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ልጆችሽ ወባ አያውቁም፤ ሰውነታቸውም አያውቃትም። ሸዋ ሮቢት ወርዶ ታሞ የተመለሰ ዘመድ አይታችኋል፤ ጂንጃ ዓመቱን ሙሉ እንደዚያ ነው። ይህ ለአገራችን አዲስ ታሪክ አይደለም። ከእናንተ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ አንኮበር ላይ፣ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. ከ1839 እስከ 1842 የተቀመጠ ክራፕፍ የሚባል ጀርመናዊ ሚሲዮናዊ ነበር። ከሸዋ ከወጣ በኋላ ሞምባሳ ወረደ። በ1844 ሚስቱ ሮዚና ወልዳ በቀናት ውስጥ በንዳድ ሞተች፤ ጨቅላዋም ተከተለቻት። ያኔ የወባ ምርመራ አልነበረም። ዛሬ አለ። ስለዚህ ሕጉ ይህ ይሁን፤ ትንሹ ልጅ ትኩሳት ከነካው በዚያው ቀን ይመርመር። «ነገ እናየዋለን» የለም። ሁሉም አጎበር ውስጥ ይተኛ። የቢጫ ወባ ክትባት ቢያንስ ከ10 ቀን በፊት ተወጉ፤ ካርዱን ድንበር ላይ ይጠይቋችኋል።

ወረቀቱን ቶሎ ልለፈው። የቤተ ክርስቲያን የጋብቻ ወረቀት ብቻ አይበቃም፤ በወሳኝ ኩነት የተመዘገበ የጋብቻ ምስክር ወረቀት አውጡ። ለሦስቱም ልጆች የልደት ምስክር ወረቀት ያስፈልጋል። የእኛ ስም አወጣጥ ለውጭ ሰው ግራ ነው፤ አባት፣ እናትና ልጆች ሦስት የተለያየ የመጨረሻ ስም ይዛችሁ ነው የምትቀርቡት። ዝምድናችሁን የሚያስረዳው እነዚህ ወረቀቶች ናቸው። የላቲን አጻጻፉ በሁሉም ላይ አንድ ዓይነት ይሁን፤ የልደት ቀኑም ወደ ፈረንጅ ሲቀየር አንድ ቀን እንዳይዛነፍ። በቱሪስት ቪዛ ገብታችሁ ማገልገል አትጀምሩ፤ ጋባዡ አካል የሚሲዮናዊ ፈቃዱን ያስጨርስ። መልቀቂያ ከማስገባታችሁ በፊት የጡረታ መብታችሁ ምን እንደሚሆን በጽሑፍ ጠይቁ። ለቤቱ ጉዳይ ለምታምኑት ሰው ውክልና ስጡ።

ምን እንሽጥ ላልሽው፤ ፍሪጁንና ሶፋውን ሽጡ። ቤቱን ግን ቢያንስ የመጀመሪያዎቹን 3 ዓመታት አከራዩት እንጂ አትሽጡት። ሽሮና በርበሬ ያዙ። እንጀራ ቢናፍቃችሁ ካምፓላ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፤ ካባላጋላ የሚባል ሰፈር የሐበሻ ምግብ ቤት አይጠፋም። ግን የአገሩን ምግብ፣ ማቶኬውንና (የሙዝ ምግብ) ፖሾውን (የበቆሎ ገንፎ)፣ ከመጀመሪያው ሳምንት ልጆቹን አስለምዷቸው። ለትንሹ የፊደል ገበታ ያዙለት፤ ቤት ውስጥ አማርኛ ብቻ ይነገር። በ4 ዓመቱ የወጣ ልጅ ቶሎ ይረሳል፤ ያኔ ከአያቱ ጋር በስልክ የሚያወራበት ቋንቋ አይኖረውም። መሐል ሜዳ ስትሄዱ ተረት ሲያወሩለት በስልክሽ ቅጂው። ሳል ቢገባበት፣ ዶሮ ቢጮህበት አትቁረጪው።

ስትወጡ እናትሽ የመንዝ ባና አጣጥፈው ሊሰጡሽ ይችላሉ። ከባድ ነው፤ ሻንጣ ይሞላል፤ ጂንጃም አይበርድም። ይዘሽው ሂጂ፤ የልብሱን ኪሎ ቀንሺለት። እኛ ቤት ያለው ባና ታንዛኒያ 9 ዓመት ኖሮ ተመልሷል። አንድም ቀን ለብርድ አልለበስነውም። ልጁ ትኩሳት ሲይዘው ግን ከእግሩ ሥር ይጠይቀው ነበር።